የተምች እናት ማን ናት?

ተምችን የማያውቅ ገበሬ የለም። ተምች ትል ነው። በመንጋ ይመጣል። ዝናብ ጥሎ፣ ዘር በቅሎ፣ ገበሬው «ዘንድሮስ ደህና ነው» ባለ ማግሥት ማሳውን ይወርራል። የበቆሎውን ቅጠል በልቶ አገዳውን ብቻ ያስቀራል። ለጋውን ጤፍ ከመሬት እኩል ያደርገዋል። ያንን ማሳ ሲጨርስ ደግሞ ተሰልፎ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ትል ከየት መጣ? ትናንት አልነበረም። በመንገድ ሲመጣም ያየው ሰው የለም።

ይህን ጥያቄ በየመንደሩ ብንጠይቅ የተለያየ መልስ እንሰማለን። አንዱ «ከመሬት ፈላ» ይላል። ሌላው «ከዝናቡ ጋር ከሰማይ ወረደ» ይላል። «ቁጣ ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚልም አለ።

መልሱን ማወቅ ጥቅም አለው። ለምን ቢባል፣ ተምችን ማሸነፍ የሚቻለው ትንሽ ሳለ ነው። ትንሽ ሳለ ለማግኘት ደግሞ መቼና የት እንደሚወለድ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የምትነግረን እናቱ ናት። ስለዚህ ዛሬ የተምችን እናት እንተዋወቃት።

እናቱ በራሪ ናት

ማታ ማታ ኩራዝ ወይም ባትሪ ስናበራ ወደ ብርሃኑ የሚመጡ ትንንሽ በራሪ ነፍሳት አሉ። በመብራቱ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። እሳት ከሆነ ገብተው ይቃጠላሉ። በዚህ ምክንያት ስማቸው «የእሳት እራት» ሆኗል። የእሳቱ ራት ይሆናሉ ማለት ነው።

የእሳት እራት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዓይነት አለ። አብዛኞቹ ለሰው ጉዳት የላቸውም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን አንዷ የተምች እናት ናት።

አዎ፤ ተምች የእሳት እራት ልጅ ነው። ጥጃ አድጎ በሬ እንደሚሆን፣ ተምችም አድጎ የእሳት እራት ይሆናል። ነገር ግን ጥጃ ከተወለደ ጀምሮ በሬን ይመስላል። ተምች እናቱን ፈጽሞ አይመስልም። እናቱ ክንፍ አላት፤ እሱ የለውም። እናቱ በሌሊት ትበራለች፤ እሱ በመሬት ይሳባል። ስለዚህ ሁለቱ ዘመድ ናቸው ብሎ ለመገመት ያስቸግራል።

መልኳ

የተምች እናት ትንሽ ናት። ክንፎቿ ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለኩ ሁለት ጣት ያህል ቢሆኑ ነው። በሜትር ልኬት 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው።

አራት ክንፍ አላት። ሁለቱ የፊት ክንፎቿ ዳለቻ ናቸው። አመድና ቡና የተቀላቀለ ይመስላሉ። በእያንዳንዱ የፊት ክንፍ ላይ ኩላሊት የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት አለ። የኋላ ክንፎቿ ነጣ ያሉ ናቸው፤ በላያቸው ላይ ጠቆር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ስትቀመጥ ክንፎቿን እንደ ጎጆ ክዳን በጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች። በእጅ ብትያዝ ክንፏ በጣት ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ትቶ ይቀራል።

ቀን ቀን አትታይም። በሣር ሥርና በቅጠል ውስጥ ተደብቃ ትውላለች። መልኳ ከደረቀ ሣር ጋር ስለሚመሳሰል አጠገቧ ቆመን እንኳን ላናያት እንችላለን። ጀምበር ስትጠልቅ ትነሣለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እናቲቱ ራሷ ሰብል አትበላም። አፏ ለማኘክ የተሠራ አይደለም። እንደ ቀጭን ቱቦ የተጠቀለለ ነው። በዚያ የአበባ ወለላና ውሃ ትመጥጣለች። ዕድሜዋም አጭር ነው፤ ከሁለት ሳምንት ብዙም አያልፍም። ሰብሉን የሚበሉት ልጆቿ ናቸው።

«ከሰማይ ወረደ» የሚሉት አባቶች

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። «ተምች ከዝናቡ ጋር ከሰማይ ወረደ» የሚሉ አባቶች አሉ። በዚህ ልንስቅባቸው አይገባም። ግማሹ እውነት ነውና!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሳት እራቶቹ ከአፈር ወጥተው ክንፋቸው ሲጠነክር በሌሊት ወደ ሰማይ ይነሣሉ። ከዛፍ በላይ ከፍ ብለው ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሄዳሉ። በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። በጥቂት ሌሊቶች በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያልፋሉ። ድንበር አያግዳቸውም። ወንዝና ተራራም አያስቆማቸውም።

ነጎድጓዳማ ዝናብ በሚመጣበት ጊዜ ነፋስ ከዚህም ከዚያም እየነፈሰ ይገናኛል። ጎርፍ ገለባውን ሁሉ እየጠረገ አንድ ጥግ ላይ እንደሚከምረው፣ ነፋሱም በሰማይ የተበተኑትን የእሳት እራቶች አንድ ቦታ ይሰበስባቸዋል። ዝናቡ በወረደበት አካባቢ እነሱም ይወርዳሉ። እዚያው ውሃ ይጠጣሉ፤ ሴቷና ወንዱ ይገናኛሉ፤ ሴቷ እንቁላል ትጥላለች።

ለልጆቿም የሚመች ቦታ ነው። ዝናብ በጣለበት ለጋ ሣርና ለጋ ሰብል ይበቅላል።

እንግዲህ ከሰማይ የወረደ ነገር አለ። የወረደው ግን ትሉ አይደለም፤ እናቱ ናት። ትሉ የተወለደው ከወረደች በኋላ እዚሁ ማሳችን ውስጥ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታያል። ለገበሬ ግን ትልቅ ነገር ነው። ትሉ ከሰማይ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ምንም ማድረግ ባልተቻለ ነበር። ከእንቁላል የሚወለድ ከሆነ ግን ከመወለዱ እስከ ማጥፋቱ ድረስ ቀናት አሉ። እነዚያ ቀናት የእኛ ናቸው።

የት ትኖራለች?

የተምች እናት አገሯ ሰፊ ነው። ከሰሃራ በረሃ በታች ባለው አፍሪካ ትኖራለች። ባሕሩን ተሻግራ በየመንም ትገኛለች። ራቅ ብላ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በአውስትራሊያም አለች።

በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ በየዓመቱ የምትጓዝበት መንገድ አላት። በደረቁ ወራት ቁጥሯ ያንሳል። በታንዛኒያና በኬንያ፣ በተለይ ወደ ባሕሩ ዳር ጥቂት ዝናብና ለምለም ሣር በማይጠፋበት አካባቢ ተበታትና ትቆያለች። የዝናቡ ወራት ሲገባ ትበዛለች። ከዚያ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ዝናቡን እየተከተሉ ወደ ሰሜን ይመጣሉ። ወደ አገራችን ደቡብ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በበልግ ዝናብ ወቅት ነው። ከዚያ ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ እያለ ወደ መሐልና ወደ ሰሜን ይዘልቃሉ።

ከረጅም ድርቅ በኋላ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይብስባቸዋል። በ2014 ዓ.ም. በልግ እንዲህ ሆኗል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ ኢትዮጵያ ተምች ሰብልና ግጦሽ ወርሯል። በድርቅ ከብት ያለቀበት ሰው ዝናብ መጣልኝ ሲል ተምች መጣበት።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

የተምች ሕይወት በአራት ይከፈላል። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፤ እንቁላል። እናቲቱ እንቁላሏን በቅጠል ላይ፣ ብዙ ጊዜ በታችኛው ገጽ፣ በክምር ትጥላለች። እንቁላሉ ከጤፍ ፍሬም ያነሰ ነው። ከራሷ ገላ ጠቆር ያለ ፀጉር ነቅላ ታለብሰዋለች። አንዲት እናት በሕይወቷ ከብዙ መቶ እስከ 1000 ያህል እንቁላል ትጥላለች። እስኪ እናስላ። በአንድ ማሳ 100 እናቶች ቢያርፉና እያንዳንዷ 500 እንቁላል ብትጥል 50000 ትል ይሆናል! እንቁላሉ ከ2 እስከ 5 ባለው ቀን ውስጥ ይፈለፈላል።

ሁለተኛ፤ ትል። አሁን የተፈለፈለው ትል እንደ ክር የቀጠነ ነው። ገላው ነጣ ያለ፣ ራሱ ጥቁር ነው። ቅጠል ሲበላ አረንጓዴ ይሆናል። እያደገ ሲሄድ ቆዳው ስለሚጠበው 5 ጊዜ ይቀይራል። በመንጋ ያደገው ትል ካደገ በኋላ ጀርባው እንደ ከፋይ ጥቁር ይሆናል። በጎንና በጎኑ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደሉ መስመሮች ይኖሩታል። ርዝመቱ የአውራ ጣት የላይኛው አንጓ ያህል ይደርሳል። የትልነት ዕድሜው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው።

ሦስተኛ፤ እንቅልፍ። የጠገበው ትል ሰብሉን ትቶ አፈር ውስጥ ይገባል። ከሁለት ጣት አይበልጥም። እዚያ ቡናማ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። አይበላም፤ አይሄድም። ውስጡ ግን ይለወጣል። ክንፍ ያወጣል።

አራተኛ፤ የእሳት እራት። ከ7 እስከ 12 ባለው ቀን ውስጥ ቅርፊቱን ሰብሮ፣ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል። ክንፉን አድርቆ በሌሊት ይነሣል። ነፋስ ወደ ወሰደውም ይሄዳል።

ሁሉም ሲደመር አንድ ወር ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ትሉ አፈር ሲገባ «ተምቹ ሄደልን፤ ጠፋልን» እንላለን። አልጠፋም። እግራችን ሥር ተኝቷል። ሲነቃ ወደ ሌላ ወንድማችን ማሳ ይበራል።

በአንድ ሌሊት የመጣ ለምን ይመስለናል?

ይህን የሚያሳስቱን ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንዱ መጠኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ዓይን አይገባም።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። ትንሽ ሳለ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉም አረንጓዴ ነው። ብቻውን ያደገ ተምች እንዲያውም አድጎም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። በሣር ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ማንም ልብ አይለውም። ብዙ ሆነው ተጨናንቀው ያደጉት ግን ይጠቁራሉ፤ ይፈጥናሉ፤ አብረው ይሄዳሉ። አረንጓዴውም ጥቁሩም ግን ያው ተምች ነው።

ሦስተኛው አበላሉ ነው። ሕፃን በቁራሽ ይጠግባል፤ ጎረምሳ ግን እንጀራው አይበቃውም። ተምችም እንደዚሁ ነው። በትልነት ዘመኑ ከሚበላው ውስጥ አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ማሳው በአንድ ሌሊት ያለቀ የሚመስለን ለዚህ ነው። ትሉ ግን ከአንድ ሳምንት በላይ እዚያው ነበር።

ምን ይበላል? ምን አይበላም?

ተምች የሣር ዘመድ የሆነውን ሁሉ ይበላል። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ሸንኮራ አገዳ ሁሉም የሣር ዘመዶች ናቸው። ቅጠላቸውን ተመልከቱ፤ ረጅምና ጠባብ ነው። ሰርዶንና ሌላውንም የግጦሽ ሣር ይበላል።

ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ኑግ የሣር ዘመድ አይደሉም። ተምች እነዚህን አይፈልግም። ስለዚህ ጤፍና በቆሎ ብቻ ሳይሆን ጥራጥሬም የዘራ ገበሬ፣ ተምች ቢመጣ እንኳን ባዶ እጁን አይቀርም።

ስለ ግጦሹም አንድ ቃል እንጨምር። ተምች በበላው ሣር ላይ ከብት ወዲያው ማሰማራት አደጋ አለው። በተለይ ትሉ የጎዳው ሰርዶ መርዝ ሊያበዛ ይችላል። ከብቶች እንዲህ ያለ ሣር ግጠው የሞቱበት ጊዜ አለ። ሣሩ አገግሞ እንደገና እስኪለመልም መጠበቅ ይሻላል። የእንስሳት ሐኪም በአቅራቢያ ካለ አማክሩ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ቀን እንቁጠር። ከደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ የጣለበትን ቀን ያዙ። በዚያ ሰሞን ማታ በመብራት ዙሪያ ዳለቻ የእሳት እራት በዝቶ ከታየ ልብ በሉ። እነሱን በመብራት ማቃጠሉ ብቻ ሰብሉን አያድነውም፤ ሌሎቹ እንቁላላቸውን ሜዳ ላይ ጥለዋል። ማስጠንቀቂያ ግን ይሆነናል።

ሁለተኛ፤ ጎንበስ ብለን እንፈልግ። ዝናቡ ከጣለ ሳምንት ሲሞላው ጀምሮ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ማሳ ውስጥ ግቡ። ዳር ቆሞ ማየት አይበቃም። ቅጠሉን ገልብጡ። ፀጉር የለበሰ የእንቁላል ክምር አለ? ቅጠሉስ ተፍቆ እንደ ስስ ወረቀት ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ አለው? ትንሹ ትል ቅጠሉን አይበሳውም፤ አረንጓዴውን ፍቆ ስሱን ቆዳ ይተወዋል። ከሥሩ መሬት ላይስ አረንጓዴ ኩስ አለ? በማሳው ዳር ያለውን ሣርም ተመልከቱ።

ሦስተኛ፤ ወዲያው እንናገር። ትሉን ያየ ሰው ለጎረቤቱና ለልማት ሠራተኛው በዚያው ቀን ይንገር። «የእኔ ብቻ ነው፤ ምን አስወራኝ?» አይባልም። ተምች የአንድ ሰው ጠላት አይደለም። በደቡብ ያለ ገበሬ ያየው፣ በሰሜን ላለው ገበሬ ማስጠንቀቂያ ነው።

አራተኛ፤ ትንሽ ሳለ እንምታው። መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ትሉ ጠግቦ ወደ አፈር መግባት ሲጀምር መርጨት ገንዘብ መጣል ነው። የቱ መድኃኒት በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ የልማት ሠራተኛው ይንገራችሁ። የሚረጨው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ እጁንና እግሩን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ፤ ነፋሱን ከጀርባው ያድርግ። ሲጨርስ ገላውንና ልብሱን በሳሙና ይታጠብ። ንብ ያለው ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረው። የመድኃኒቱ ባዶ ዕቃ ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ መያዣ አይሁን። ይህ ቤተሰብ ይፈጃል።

አምስተኛ፤ መንገዱን እንዝጋ። ትሉ ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው ሲሻገር ቦይ ቆፍሮ ማገድ ይቻላል። የቦዩ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሁን። ገብቶ መውጣት ሲያቅተው አፈር መልሶ መቅበር ነው። ይህ ሥራ የአንድ ሰው ጉልበት አይበቃውም፤ ደቦ ይጠይቃል።

ስድስተኛ፤ ማሳው ተበላ ብላችሁ ወዲያው አትገልብጡት። ቅጠሉ አልቆ እምብርቱ ያልተነካ ለጋ ሰብል ዝናብ ካገኘ መልሶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ከማረሳችሁ በፊት ጥቂት ቀን ጠብቃችሁ እዩት፤ ባለሙያም ጠይቁ።

ረዳቶችም አሉን። ሽመላና ቁራ ተምችን ይለቅማሉ። ማሳ ላይ ሽመላ ሲበዛ ካያችሁ «ምን አግኝቶ ነው?» ብላችሁ ሂዱና እዩ። ተምችን የሚገድል በሽታም አለ። በዚህ በሽታ የሞተው ትል ቀልጦና ጠቁሮ ከቅጠሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ተመራማሪዎች ይህንኑ በሽታ በውሃ በጥብጠው እንደ መድኃኒት በመርጨት በታንዛኒያ ሞክረውታል።

እንግዳይቱ ተምች

ከነባሩ ተምች ሌላ እንግዳም መጥቷል። «የአሜሪካ መጤ ተምች» ይባላል። የዚህም እናት የእሳት እራት ናት። የትውልድ አገሯ አሜሪካ ነው። በአፍሪካ ምድር መኖሯ የታወቀው በ2008 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. በደቡብ በኩል በአገራችን ታየች። ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ቦታ ተዛመተች።

ይህ መጤ ተምች ከሁሉ አብልጦ በቆሎ ይወዳል። እንደ ነባሩ በገሃድ ተሰልፎ አይሄድም። አዲስ ቅጠል ከሚወጣበት ከበቆሎው መሐል ገብቶ ይደበቃል። ለመለየት ሁለት ምልክት አለው። ግንባሩ ላይ «ሰ» የሚለውን ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው። በጅራቱ በኩል ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተደርድረዋል። እንግዲህ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ትል በግንባሩ ሊያነበው ይችላል!

ይህንን ከመጀመሪያው በእጅ መልቀም ይጠቅማል። የእንቁላሉን ክምር በጣት መጨፍለቅ፣ ትሉን ከበቆሎው መሐል አውጥቶ መግደል ነው። በ2009 ዓ.ም. ብዙ የአገራችን ገበሬዎች ከልጆቻቸው ጋር ሆነው እንዲህ በእጃቸው ለቅመዋል። ነባሩ ተምች የዝናብ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል። መጤው ግን ሙቀትና በቆሎ ባለበት ዓመቱን ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ በመስኖ በቆሎ የሚያለማ ሰው በበጋም ማሳውን ይፈትሽ።

እርሳስና ተምች

ፊደል ከተምች ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ብዙ ያገናኘዋል።

በታንዛኒያ፣ በኬንያና በአገራችንም ገበሬዎች ራሳቸው ተምችን የሚጠብቁባቸው መንደሮች ኖረዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ወጥመድ ይሰቀላል። ወጥመዱ ውስጥ የሴቷን የእሳት እራት ሽታ የሚመስል ነገር ይደረጋል። ወንዶቹ ሴት ያገኙ መስሏቸው ይገባሉ፤ ይያዛሉ። የዝናብ መለኪያ ዕቃም አብሮ ይተከላል። ኃላፊ የሆኑት ሰዎች የተያዘውን የእሳት እራት ይቆጥራሉ። የጣለውን ዝናብ ይለካሉ። ሁለቱንም በመዝገብ ይጽፋሉ። የእሳት እራቱም በዝቶ፣ ዝናቡም ጥሎ ከሆነ «ተምች ሊመጣ ነው፤ ማሳችሁን ፈትሹ» ብለው ለመንደሩ ይናገራሉ። ትሉ ገና ሳይጠቁር ሰው ይዘጋጃል።

ይህንን የሚሠሩት ከከተማ የመጡ ሰዎች አይደሉም። ማንበብ፣ መጻፍና መቁጠር የሚችሉ የመንደሩ ገበሬዎች ናቸው።

ወጥመድ ባይኖራችሁም ደብተርና እርሳስ አላችሁ። ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለተምች ተዉለት። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበት ቀን።
የእሳት እራት በመብራት ላይ በዝቶ የታየበት ቀን።
ማሳ የፈተሽኩባቸው ቀናት።
ትል ያየሁበት ቀን፣ የትሉ መልክና መጠን።
ለልማት ሠራተኛ የነገርኩበት ቀን።

በሚቀጥለው ዓመት ያንን ገጽ ግለጡት። ዘንድሮ ዝናቡ ከጣለ በስንተኛው ቀን ትሉ እንደታየ ይነግራችኋል። ትዝታ ይሳሳታል፤ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዓመት ሲያወሩ ወሩ ይምታታባቸዋል። ጽሑፍ ግን ያደረበት ቦታ ይገኛል። አምስት ዓመት የጻፈ ሰው የመንደሩን የተምች ጊዜ ያውቃል። ልጁም ከእሱ ይወርሰዋል።

አባቶቻችን ዝናብና ተምች አብረው እንደሚመጡ በዓይናቸው አይተው አውቀዋል። እኛ በመሐላቸው ያለችውን በራሪ ጨምረን አወቅን። ከእንግዲህ ዝናብ ጥሎ ማታ በመብራታችሁ ላይ ዳለቻ ክንፍ ሲያንዣብብ ብታዩ፣ ቀኑን ጻፉና በሳምንቱ ማሳችሁን ፈትሹ።

እስኪ እነዚህን ጥያቄዎች እንመልስ

1. የተምች እናት ምን ትባላለች? የክንፏ መልክ ምን ይመስላል?
2. ከዝናቡ ጋር ከሰማይ የሚወርደው ትሉ ነው ወይስ እናቱ?
3. ትንሹ ትል የበላው ቅጠል በምን ይታወቃል?
4. ተምች ከሚከተሉት የትኞቹን አይበላም? ጤፍ፣ ባቄላ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ።
5. ዝናቡ ሰኔ 3 ቀን ቢጥል ማሳችንን መፈተሽ የምንጀምረው ሰኔ ስንት ቀን ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። የእሱ ማሳ ከእናንተ ማሳ ጋር በድንበር የተያያዘ ነው።